የክረምት ብድር

ደብዳቤው አራት መስመር ነበር። ከአራቱ አንዱም ደህና አልነበረም።

እትዬ የሺሐረግ ሰኔ በገባ በሳምንቱ፣ ሕፃናቱ ምሳ በልተው በተኙበት ሰዓት፣ ወደ መምህራን ክፍል ይዘውት መጡ። አቃቂ ቃሊቲ በሚገኘው በዚህ የግል ትምህርት ቤት አሥራ አንድ ዓመት የመዋዕለ ሕፃናት ሞግዚት ሆነው ሠርተዋል። ማንበብ ይችላሉ፤ ማኅተም ያረፈበትን ወረቀት ግን ብቻቸውን ማንበብ አይወዱም።

«ቲቸር ማህሌት፣ እስኪ ይቺን እይልኝ» አሉኝ።

አየሁላቸው። ወ/ሮ የሺሐረግ ለአሥራ አንድ የትምህርት ዘመን፣ በየዘመኑ ለአሥር ወር፣ ሲያገለግሉ ቆይተዋል ይላል። ሐምሌ ሦስት ቀን ስልሳ ዓመት ስለሚሞላቸው ከሰኔ ሠላሳ ጀምሮ ይሰናበታሉ ይላል። ስላደረጉት አስተዋጽኦ እናመሰግናለን ይላል።

«በየዘመኑ ለአሥር ወር» የሚለው ላይ ቆምኩ። ሥነ ዜጋ ነው የማስተምረው፤ ሕግ ሳነብ ቁጥሩን ቀድሜ ነው የማየው። የግል ድርጅት ሠራተኛ ስልሳ ሲሞላው በየወሩ እስከ ዕለተ ሞቱ ጡረታ የሚያገኘው ቢያንስ አሥር ዓመት ካገለገለ ነው። አሥር ዓመት መቶ ሃያ ወር ነው። አሥራ አንድ ጊዜ አሥር ግን መቶ አሥር ነው። አሥር ወር ይጎድላል። የጎደለበት ሰው በየወሩ የሚባል ነገር የለውም፤ መዋጮው ተሰብስቦ አንዴ በእጁ ይሰጠውና ይሸኛል። ያ ብር ደግሞ ሁለት ክረምት አያሻግርም።

ይህንን ስነግራቸው እትዬ የሺሐረግ ደብዳቤውን ከእጄ ወስደው በአራት አጠፉት። ባለቤታቸው ወልደሚካኤል የቀን ሠራተኛ ሆኖ ኖሮ የቀን ሠራተኛ ሆኖ ነው የሞተው። ልጅ የላቸውም። ጡረታ የሚባል ነገር በዚያ ቤት ይገባል ተብሎ የተጠበቀው በእርሳቸው በኩል ብቻ ነበር።

«አሥር ወር ብቻ ነው የጎደለኝ?»

«አልጎደለብዎትም፤ ተወስዶብዎታል» አልኩ። «ሐምሌና ነሐሴ ሰው አይበላም ያለው ማነው? ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሆድ አብሮ ይዘጋል? እኔ አሥራ ሁለት ወር ይከፈለኛል። ነሐሴን ተኝቼ ነው የምበላው። እርስዎ የእነዚህን ሁሉ ልጆች ንፍጥ የጠረጉት ሰውዬ ግን...»

«ሰውዬ አደረግሽኝ ደግሞ።»

«ተናድጄ ነው።»

«አንቺ መቼ ሳትናደጂ አየንሽ» አሉና ወንበር ስበው ተቀመጡ። ሲቀመጡ ጉልበታቸው ተንቋቋ። «ተይው ልጄ። ንግግር አታንሺ። እኔ ባለዕዳ ነኝ፤ ባለዕዳ አፍ የለውም።»

ስለ ብድሩ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። እዚህ ትምህርት ቤት ካስተማርኩ አራት ዓመቴ ነው፤ ማንም ነግሮኝ አያውቅም። ሞግዚቶቹ፣ የወጥ ቤት ሴቶቹና የጽዳት ሠራተኞቹ በያመቱ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ከሒሳብ ክፍል ብር ይወስዳሉ። ስሙንም የክረምት ብድር ይሉታል። ከመስከረም እስከ ሰኔ ከደመወዛቸው እየተቆረጠ ያልቃል፤ ሲያልቅ ሐምሌ ይገባል፣ እንደገና ይበደራሉ። ዘንድሮ የሚቆረጥባቸው በወር ሰባት መቶ ብር ነው።

«በዋስ ነው እንጂ እንዲያው አይደለም» አሉ እትዬ የሺሐረግ፣ ለትምህርት ቤቱ ክብር የቆሙ ይመስል። «የእኔ ዋስ ሐጀራ ናት። የሐጀራ ዋስ እኔ ነኝ። በየሰኔው በደብተር ወረቀት ጽፈን፣ ፈርመን እንሰጣለን።»

ሐጀራ የወጥ ቤቷ ሴት ናት፤ ሦስት ልጆች ብቻዋን ታሳድጋለች።

«እንግዲህ አስቢው» አሉኝ። «እኔ ዛሬ ከእነሱ ብጣላ፣ ዋሷ የተጣላችባትን ሴት ማን ያበድራታል? ባለፈው ክረምት ብድሩ በአንድ ሳምንት ቢዘገይ ቂሊንጦ ሄዳ ፋብሪካ በር ላይ ለቀን ሥራ ስትሰለፍ ነው የሰነበተችው። በእኔ የተነሳ ልጆቿ ጦማቸውን እንዲያድሩ አልፈልግም። እኔ አንዴ ወጥቻለሁ፤ ለእኔማ ለዚህ ክረምትም የሚያበድረኝ የለም።»

ምን ልበል? የሰውን ሁለት ወር ቀምቶ፣ በተቀማበት ወር መልሶ እያበደረ፣ በብድሩ ደግሞ አፉን የሚዘጋ ተቋም አንብቤም አላውቅም። ያን ቀን ስድስተኛው ክፍለ ጊዜ ባዶዬ ነበር። ተቀምጬ ለርዕሰ መምህሯ ሦስት ገጽ ጻፍኩ። «ብዝበዛ» የሚለውን ቃል አምስት ጊዜ ተጠቅሜ ሁለቱን ሰረዝኩ። የሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳዩን ቢሮ ጠቀስኩ። ፍርድ ቤትም ጠቀስኩ። ከዚያ በዝናቡ ግቢውን አቋርጬ ቢሮዋቸው ገባሁ።

ወይዘሮ ዕፀገነት የትምህርት ቤቱ ባለቤትም ርዕሰ መምህርም ናቸው። የወላጆችን የክፍያ ደረሰኝ እያገላበጡ ነበር።

«ተቀመጪ።»

«ቆሜ ይሻለኛል።»

«እኔን አይሻለኝም። ቀና ብዬ ሳይሽ አንገቴን ያመኛል።»

ተቀመጥኩ። ሦስቱን ገጽ ፊታቸው አኖርኩ። የመጀመሪያውን አነበቡ፣ ሁለተኛውን አዩት፣ ሦስተኛውን ገለበጡት።

«ውሉ አሥር ወር ይላል» አሉ። «አሥር ወር ይሠራሉ፣ የአሥር ወር ይከፈላቸዋል። ወላጅ በሐምሌ ይከፍለኛል? ከየት ላምጣ?»

«ለእኔስ ከየት ያመጣሉ? ለእኔ በሐምሌ ይከፍላሉ።»

«አንቺ ዲግሪ አለሽ።»

«ነሐሴ ላይ የሚበላው ዲግሪዬ ነው?»

መነጽራቸውን አወለቁ። እኔ ግን አልበረድኩም። «ይባስ ብለው ደግሞ» አልኩ፣ «በባዶ ወራቸው ያበድሯቸዋል። በዋስ። አንዷን በሌላዋ አንገት አስረው። ይህንን የሚያደርግ አራጣ አበዳሪ እንኳ ወለዱን ብቻ ነው የሚወስደው፤ እርስዎ ጡረታቸውን ነው የወሰዱት።»

«ማነው ያበደራቸው?»

«ትምህርት ቤቱ።»

«እኔ?» አሉ ወይዘሮ ዕፀገነት። «እኔ ለወንድሜ አበድሬ አላውቅም። ስለሚያውቅም አይጠይቀኝም።»

የሚዋሽ ሰው ስለ ወንድሙ እንዲህ አይልም። ስልካቸውን አንስተው «ሀይረዲንን ጥሩልኝ፤ የደመወዝ ፔይሮሉን ይዞ ይምጣ» አሉ።

ሀይረዲን የሒሳብ ሠራተኛችን ነው፤ የስልጤ ልጅ፣ ከአርባ ያለፈ፣ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ሰምቼው የማላውቅ ሰው። ላፕቶፑን በፌስታል ጠቅልሎ፣ አንድ ወፍራም ፋይል በብብቱ ይዞ ገባ።

«ለሴቶቹ ብድር ትሰጣለህ?» አሉት።

«የምን ብድር?»

ነገርኩት። ሰባት መቶውን፣ ሐምሌንና ነሐሴን፣ በደብተር ወረቀት የተጻፈውን ዋስትና፣ ሁሉንም ነገርኩት። ሲሰማ ፊቱ ቀስ እያለ ተለወጠ። ስጨርስ ቆቡን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።

«እነሱ ብድር ነው የሚሉት?» አለ።

«ምን እንዲሉት ፈልገህ ነበር?»

የእኔን ሦስተኛ ገጽ ሳብ አደረገና ጀርባው ላይ ጻፈ። «ይኸውልሽ ቲቸር። የዘንድሮ ውላቸው በወር አራት ሺህ ሁለት መቶ ነው፣ ለአሥር ወር። በዓመት አርባ ሁለት ሺህ። ይህንን ለአሥር ሳይሆን ለአሥራ ሁለት አካፈልኩት። ሦስት ሺህ አምስት መቶ መጣ። ግብርና ጡረታው ሳይነሳ ማለቴ ነው። በየወሩ ይህንን እከፍላቸዋለሁ። ሐምሌንም፣ ነሐሴንም።»

«ከአራት ሺህ ሁለት መቶው ላይ ሰባት መቶ ትቆርጣለህ።»

«አልቆርጥም፤ አቆይላቸዋለሁ። ሰባት መቶ አሥር ጊዜ ሰባት ሺህ ነው። ሦስት ሺህ አምስት መቶ ሁለት ጊዜም ሰባት ሺህ ነው። ክረምት የሚወስዱት የራሳቸውን ነው። አስቀድመው የሠሩበትን።»

ወይዘሮ ዕፀገነት ወረቀቱን ወደ ራሳቸው አዞሩና አዩት። «አዎ፣ አስታወስኩት» አሉ። «ስትጀምረው ነግረኸኛል። ወጪ የለውም ብለኸኝ እሺ አልኩህ።»

«እዚህ ከመቀጠሬ በፊት አጎቴ ሱቅ ነበር የምሠራው፣ ሳሪስ» አለኝ ሀይረዲን፣ እየተከላከለ ሳይሆን እያፈረ። «ከዚህ ትምህርት ቤት ሠራተኞች ሰፈራቸው በዚያ የሆነ ሴቶች በዱቤ ይወስዱ ነበር። የዱቤው ደብተር አሥር ወር ባዶ ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ ገጹ አይበቃም። እስከ ጥር ይከፍላሉ። ዘይቱንም በዱቤ ዋጋ ነው የሚገዙት። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት እዚህ ስገባ የደመወዙን አከፋፈል አየሁና፣ ይሄማ በማካፈል ብቻ የሚድን ነገር ነው አልኩ።»

«ለእነሱ ነገርካቸው?»

«በሠራተኛ ስብሰባ ላይ ተናግሬአለሁ። ሙሉ በሙሉ አስረድቼ።»

«ስብሰባው ስንት ሰዓት ነበር?»

አሰበ። «ከምሳ በኋላ።»

ከምሳ በኋላ ሞግዚቶቹ ሕፃናቱን ያስተኛሉ፤ የወጥ ቤት ሴቶቹ ሰሃን ያጥባሉ። አሠራሩ የተብራራው ለማይመለከታቸው ሰዎች ነው። የሚመለከታቸው ሴቶች መጀመሪያ ዓመት ላይ የጎደለውን የደንብ ልብስ ዋጋ ነው ብለው ዋጡት፤ ሐምሌ ላይ ሳይሠሩ ብር ሲሰጣቸው ደግሞ ያለ ሥራ የሚሰጥ ብር በዚህ አገር አንድ ስም ብቻ ስላለው፣ ብድር አሉት። ብድር ደግሞ ያለ ዋስ አይሆንም። ማንም ሳይጠይቃቸው ዋስ ጠሩ።

«የዋስትናውን ወረቀት ሲያመጡልህስ?» አልኩት። «ይህን ያህል ዓመት፣ በየሰኔው! ምን መስሎህ ነበር?»

«ፋይል አደረግኩት።»

«ፋይል አደረግከው።»

«ተፈርሞበታል። የተፈረመ ወረቀት አይጣልም።» ፋይሉን ከፈተ፤ እውነቱን ነበር፤ ከነምስክሮቹ ተደርድሯል። «የራሳቸው ማኅበር መስሎኝ ነበር። እቁብ ምናምን። በሰው እቁብ ውስጥ አልገባም።»

እንዲህ ያለውን ደግ ሰው እንዴት አድርጎ መሳደብ እንደሚቻል አላውቅም፤ ልሞክር ግን ነበር። ከመሳደቤ በፊት ግን አንድ ነገር መጠየቅ ነበረብኝ።

«ጡረታውስ? መዋጮው የስንት ወር ነው የገባው?»

«የአሥራ ሁለት ነዋ። ከእነሱ ሰባት፣ ከእኛ አሥራ አንድ ከመቶ፣ በየወሩ። ደመወዝ ወጥቶ ጡረታ ካልገባ ቅጣት አለው።»

«ሐምሌና ነሐሴም?»

«ሐምሌና ነሐሴም።»

እትዬ የሺሐረግ ሥራ ከጀመሩበት እስካለፈው መስከረም አሥር ሙሉ ዓመት አለ፤ መቶ ሃያ ወር። የዘንድሮው አሥር ወር ሲጨመር መቶ ሠላሳ። ሦስት ጊዜ ደመርኩት። ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ስል፣ ለካ እስካሁን ጫፉ ላይ ነበር የተቀመጥኩት።

ጠቡ ግን አላለቀም። «በየዘመኑ ለአሥር ወር የሚለው ከደብዳቤው ይውጣ» አልኩ። «ያለማቋረጥ ይባል።»

ወይዘሮ ዕፀገነት ደረሰኞቻቸውን መሰብሰብ ጀመሩ። «ያለማቋረጥ ብዬ ከጻፍኩ ነገ ሌሎቹ የዓመት ፈቃድ ይሉኛል።»

«ይበሉዎት። ይገባቸዋል።»

«ማህሌት፣ ሁሉን ነገር በአንድ ቀን አታሸንፊም።»

«ዛሬ ይህቺን ብቻ።»

ሀይረዲን ቆቡን መልሶ አጠለቀ። «ወይዘሮ ዕፀገነት» አለ፣ በዚያው ዝግ ባለ ድምፅ፣ «ፔይሮሉ አሥራ ሁለት ወር ይላል። ጡረታ መሥሪያ ቤት የላክነው አሥራ ሁለት ወር ይላል። ደብዳቤው ብቻውን አሥር ቢል፣ የትኛው ነው ውሸቱ ተብለን የምንጠየቀው እኛ ነን። ጸሐፊዋ ከድሮ ውል ላይ ገልብጣው ነው።»

ወይዘሮ ዕፀገነት የደብዳቤውን ቀሪ ከመሳቢያ አወጡ። ከዚያ እስክሪብቶ አንስተው መስመሩን ሰረዙና በላዩ «ያለማቋረጥ» ብለው ጻፉ። «ታይፕ ይደረግ» አሉ። «አንቺ ደግሞ ይህንን ሦስት ገጽሽን ውሰጂልኝ።»

ሀይረዲንን እጁን ይዤ አልጎተትኩትም እንጂ ከዚያ ያላነሰ አደረግኩ። ወደ ሕፃናቱ መኝታ ክፍል ወሰድኩት። ዝናቡ አባርቶ ልጆቹ ከእንቅልፍ ተነስተው ግቢ ወጥተዋል፤ እትዬ የሺሐረግና ሐጀራ ትንንሾቹን ፍራሾች እየደረደሩ ነበር።

«በል አስረዳ» አልኩት። «እንደ ስብሰባው አይደለም። ሰው እንደሚገባው።»

አስረዳ። ፍራሽ ላይ ተቀምጦ፣ ብሩንም የጡረታውን መቶ ሠላሳ ወርም በጣቱ እየቆጠረ፣ ሁለት ጊዜ። ሐጀራ ቀድማ ገባት።

«ቆይ፣ ቆይ» አለች። «እኔ የራሴን ብር ነው ስበደር የኖርኩት?»

«አልተበደርሽም ሐጀራ።»

«እና እሷ ምንድን ናት ታዲያ?» አለች ወደ እትዬ የሺሐረግ እያመለከተች። «ዋሴ ናት ብዬ እኮ ስንት ዓመት ሙሉ ስታዘዛት ነው የኖርኩት። ቂጣ ስጋግር ትልቁን የምሰጠው ለእሷ ነው።»

«ያንን እንኳ አልመልስም» አሉ እትዬ የሺሐረግ። ግን አልሳቁም። ፍራሹን አቅፈው እንደቆሙ ቀሩ። «ሀይረዲን፣ ልጄ፣ ማለት... ምንም ዕዳ የለብኝም?»

«ኖሮብዎት አያውቅም።»

«አንድም ቀን?»

«አንድም ቀን። እንዲያውም የዘንድሮው ሰባት ሺህ እኔ ዘንድ ነው። ሲሰናበቱ አንድ ላይ እሰጥዎታለሁ።»

ፍራሹን አስቀመጡት። «እህቴ የሞተች ጊዜ» አሉ፣ ለማናችንም ሳይሆን፣ «ቀብሯን ውዬ በነጋታው ሥራ ገባሁ። ሦስት ቀን እንኳ አልጠየቅኩም። የሰው ዕዳ ላይ ሆኜ ፈቃድ ብል ምን ይሉኛል ብዬ።»

ሀይረዲን መሬት መሬት አየ። «ይቅር ይበሉኝ እትዬ» አለ። «እርስዎ ጋ መጥቼ መንገር ነበረብኝ። በቁጥር ልክ ከሆነ ሁሉም ሰው ያወቀው ይመስለኛል።»

ይህን ጊዜ እኔ ልናገር ነበር፤ ብዙ የምለው ነበረኝ። ሐጀራ በክርኗ ጎሰመችኝና ተውኩት።

«አንተማ ምን አደረግክ» አሉት እትዬ የሺሐረግ ቆይተው። «ክረምቱን አብልተኸኛል። አንድ ቃል ብትጨምርበት ምን ነበረ፣ የጎደለችው ያቺ ብቻ ናት።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ጡረታዬስ? የእሱ ቁጥርና የመንግሥት ቁጥር አንድ ነው?»

ይህንን እኔም አላውቅም ነበር። በወረቀት ልክ የሆነ ነገር ኮምፒውተር ላይ ሲጠፋ ስንት ጊዜ አይቻለሁ። ስለዚህ አዲሱ ደብዳቤ ማኅተም ተመትቶበት እንደወጣ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ሦስታችንም በአንድ ሚኒባስ ወደ ጡረታ መሥሪያ ቤቱ ቅርንጫፍ ሄድን። ሀይረዲን ፋይሉን ታቅፎ፣ እትዬ የሺሐረግ ነጭ ነጠላ ለብሰው፣ እኔ ለጠብ ተዘጋጅቼ።

መስኮቱ ላይ ያለው ወጣት የመታወቂያቸውን ቁጥር አስገብቶ ጠበቀ። እኛም ጠበቅን። ማውሱን ወደ ላይ ወደ ታች ገፋ፣ ቅንድቡን ሰበሰበ።

«የሁለት ሺህ አሥራ ሁለት ነሐሴ ላይ አንድ ነገር አለ» አለ።

«ምን አለ?» አልኩ። በሩ ላይ ያለው ጥበቃ ዞሮ አየኝ።

«ዘግይቶ ነው የገባው። ቅጣት ተከፍሎበታል።»

«ገብቷል ወይስ አልገባም?»

«ገብቷል እህቴ፤ ረጋ በይ።»

ሀይረዲን በጆሮዬ «የኮሮና ዓመት ነው፤ ባንክ ሄጄ ተሰልፌ የከፈልኩት እኔ ነኝ» አለኝ። ቅጣቱን ከየት እንደከፈለው አልነገረኝም፤ ፊቱን አይቼ እኔም አልጠየቅኩትም።

ወጣቱ የዚህን ሰኔ ጨምሮ ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጽፎ አወጣልን። መቶ ሠላሳ። «የእርስዎ አገልግሎት ይበቃል እማማ። ከሐምሌ ጀምሮ ባለመብት ነዎት። ሁለት ጉርድ ፎቶና የባንክ ደብተር ያመጣሉ።»

እትዬ የሺሐረግ ወረቀቱን ተቀበሉ። አላጠፉትም። እኔ ስለቅጣቱ፣ ስለ ዓመት ፈቃዱ፣ በየሠፈሩ ባሉ ትምህርት ቤቶች አንድም ሀይረዲን ሳይኖራቸው አሥር አሥር ወር ስለሚቆጠርባቸው ሴቶች የምናገረው ጉሮሮዬ ድረስ መጥቶ ነበር፤ እርሳቸው ግን በመስኮቱ ጎንበስ ብለው ከወጣቱ ጋር ጨዋታ ይዘዋል።

«በየወሩ ነው የሚገባው?»

«በየወሩ።»

«ሐምሌም?»

«ሐምሌም።»

«ነሐሴም?»

«ነሐሴም እማማ። አሥራ ሁለቱንም ወር።»

ትንሽ አሰቡ። «ጳጉሜስ?»

ወጣቱ ሳቀ። «ጳጉሜማ ለሚኒስትርም አይከፈልም።»

«እሱስ ደህና ነው» አሉ እትዬ የሺሐረግ። «ለሁሉም ከሆነ፣ አምስት ቀን ከሰው እኩል መቸገር ምንም አይደለም።»

ከዚያ ቅጹንና እስክሪብቶውን ተቀብለው፣ የሚፈረመው የት ላይ እንደሆነ ጠየቁት።